ለፓራግላይደር የሚሆን ቫሪዮና ጂፒኤስ፦ ትልቁን ኮምፒውተር ልግዛ ወይስ ትንሿን ቫሪዮ ከስልክ ጋር? (አዳማ)

የቦኩ ልጅ (አዳማ)፦

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ብሩ አንዴ ከወጣ አይመለስምና ከመግዛቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ ብዬ ነው።

የምኖረው አዳማ ነው። ፓራግላይደር (በጨርቅ ክንፍ መብረር) የተማርኩት ግን ኬንያ ነው፣ ኢቴን ከምትባለው የሯጮች ከተማ አፋፍ ላይ፣ ከኬሪዮ ሸለቆ በላይ። ሁለት በጋ እየተመላለስኩ ተምሬ አሁን የራሴ ክንፍ አለኝ፣ ያገለገለ ኢኤን ቢ (የክንፍ የደህንነት ደረጃ) ነው፣ ሃርነሱም (መቀመጫው) መጠባበቂያ ፓራሹቱም ሄልሜቱም ተሟልቷል። የጎደለኝ መሣሪያ ነው፣ በተለይ ቫሪዮ፣ እየወጣህ ወይስ እየወረድክ መሆንህን በድምፅ የሚነግርህ። እስካሁን ስበር የነበረው በስልክ ብቻ ነው፣ ኤክስሲትራክ የሚባል የበረራ አፕ ጭኜበት ፊት ለፊቴ ያለችው ኪስ ላይ በላስቲክ አስሬው።

ባለፈው ጥር የሆነውን ልንገራችሁ። ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ ነው የተነሳሁት፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ስክሪኑን እስከመጨረሻው አብርቼዋለሁ፣ ባትሪ እንዳይጨርስ ብዬ ፓወር ባንክም ሰክቼበታለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድኩ መጀመሪያ ስክሪኑ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ ሙቀት በዝቷል የሚል ጽሑፍ መጣና ድርግም አለ። ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሴን ሄልሜት እያየሁ ቀረሁ። የጎደለብኝ ካርታው አይደለም፣ ድምፁ ነው። ያቺ ቲት ቲት የምትለው ስትጠፋ እየወጣሁ ይሁን እየወረድኩ መለየት አቃተኝ፣ ምክንያቱም ከመሬት 800 ሜትር ላይ ሆነህ መውረድህ በዓይን አይታወቅም፣ መሬቱ ባለበት የቆመ ነው የሚመስልህ፣ መቅረብ ሲጀምር ደሞ በአንዴ ነው። ቴርማሉ (ወደ ላይ የሚወጣው ሞቃት አየር) ውስጥ እየዞርኩ መስሎኝ ለካ ከጎኑ ባለው በሚወርደው አየር ውስጥ ነበርኩ። ሸለቆው ታች ካሰብኩት ቦታ ርቄ አንድ እርሻ ዳር አረፍኩ፣ ተመስገን ምንም አልሆንኩም፣ ግን ከዛን ቀን ጀምሮ በስልክ ብቻ አልበርም ብያለሁ።

አሁን የማስበው እዚሁ አዳማ ዙሪያ ለመብረር ነው። ከሲቪል አቪዬሽን ፈቃዱን ጠይቄያለሁ፣ ሳይሰጠኝ አልነሳም። እስከዛው ግን ውጭ ያለ ዘመድ ሊመጣ ስለሆነ ዕቃውን ላስመጣ ፈልጌ ነው። ምርጫዬ ሁለት ነው። አንደኛው ሁሉንም በአንድ የያዘው ትልቁ የበረራ ኮምፒውተር ነው፣ ቫሪዮ፣ ጂፒኤስ፣ ካርታ፣ የነፋስ ስሌት ሁሉ ያለው፣ ከ500 ዩሮ በላይ ነው። ሁለተኛው ድምፅ ብቻ የምታሰማ ትንሽ ቫሪዮ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ማገናኘት። ደሞ ሌላ ጥያቄ፣ የኛ አገር ከፍታና ሙቀት መሣሪያው ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ? ኮምፓስስ ያስፈልገኛል ወይስ ጂፒኤስ ካለ በቃ ነው?


አላሙራ ኤሌክትሮ (ሀዋሳ)፦

ወንድሜ እንኳን በሰላም አረፍክ። እኔ በራሪ አይደለሁም፣ ሀዋሳ ስልክና ኤሌክትሮኒክስ ነው የምጠግነው፣ ግን ለሚበር ጓደኛዬ ሁለት ቫሪዮ በእጄ ሠርቻለሁና ስለ ውስጡ የማውቀውን ልበልህ።

መጀመሪያ ስልክህ ለምን እንደሞተ። ጂፒኤስ እየሠራ፣ ስክሪን ሙሉ በርቶ፣ ቻርጅ እየተደረገ፣ በዛ ላይ ቀጥታ ፀሐይ። ቻርጅ ማድረግ ብቻውን ባትሪውን ያሞቀዋል፣ አራቱ ሲደመሩ የትኛውም ስልክ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ጥፋቱ የስልኩ አይደለም፣ ለዛ ሥራ አልተሠራም። ጥቁር ከቨር ከነበረው ደሞ እሱም ጨምሮበታል። ከመነሳትህ በፊት ሙሉ ቻርጅ አድርገህ በረራ ላይ ገመዱን ንቀለው፣ ከቨሩን አውልቅ፣ ድምፁ ከሌላ መሣሪያ የሚመጣ ከሆነ ደሞ ስክሪኑን ደብዘዝ አድርገህ መያዝ ትችላለህ።

አሁን ወደ ቫሪዮ። ቫሪዮ ማለት የአየር ግፊት ለውጥን የሚያዳምጥ ጆሮ ማለት ነው። ባሕር ጠለል ላይ ግፊቱ 1013 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፣ አዳማ ላይ ወደ 830 ይወርዳል። ባሕር ጠለል ላይ 8 ሜትር ከፍ ስትል ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል ይቀንሳል፣ አዳማ ላይ ግን ለዛችው 1 ወደ 10 ሜትር መውጣት አለብህ። ይሄን ስሌት መሣሪያው ራሱ ያውቀዋል፣ አንተ የምታስተካክለው ነገር የለም። ብዙዎቹ ቫሪዮዎች ውስጥ ያለችው ኤምኤስ5611 የምትባል ሴንሰር ናት፣ ከጥፍር ታንሳለች፣ የ10 ሳንቲሜትር የከፍታ ልዩነት ትለያለች። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ወደ ደረትህ ብታነሳት ቲት ትላለች።

አንዳንድ ስልክ ውስጥ ባሮሜትር አለ፣ ብዙዎቹ ርካሾቹ ላይ ግን የለም። ከሌለው አፑ መውጣት መውረድህን የሚገምተው ከጂፒኤስ ከፍታ ነው፣ የጂፒኤስ ከፍታ ደሞ ይዋልላል፣ ይዘገያልም። ፓራግላይደር በሰከንድ 10 ሜትር ያህል ይሄዳል አይደል? ድምፁ 2 ሰከንድ ከዘገየ 20 ሜትር አልፈኸዋል ማለት ነው። አንድ ዙር 20 ሰከንድ ከፈጀብህ የዙሩ አንድ አስረኛ ሄዷል፣ ጥሩውን አየር የነገረህ ካለፍከው በኋላ ነው። ያኔ ከቴርማሉ ጎን የቀረኸው ስልኩ ስለጠፋ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ከመጥፋቱ በፊትም ዘግይቶ እየነገረህ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የኔ ድምፅ ለትንሿ ቫሪዮ ነው። ምክንያቱም ትንሿ ስትበላሽ ካርታው ይተርፍሃል፣ ስልኩ ሲጠፋ ድምፁ ይተርፍሃል። ሁሉም በአንድ ሳጥን ከሆነ ግን አንድ ፊውዝ ሁሉንም ይዞብህ ይሄዳል። በራሷ ባትሪ በራሷ ድምፅ የምትሠራዋን ግዛ፣ ድምፁ በስልኩ በኩል ብቻ የሚወጣውን አትግዛ፣ እሱ ያው ከስልክ ጋር አብሮ ይሞታል።


ሄሉ (ጀርመን)፦

ሰላም የቦኩ ልጅ፣ የአገሬ ሰው ሲበር ማየት እንዴት ደስ እንደሚል! የናዝሬት ልጅ ነኝ እኔም (ይቅርታ አዳማ፣ እናቴ ናዝሬት ስለምትል ለምዶብኝ ነው)። እዚህ ክለብ ውስጥ ባለ ጠንካራ ክንፉን ግላይደር ነው የምበረው፣ የተማርኩት ኤኤስኬ 21 በሚባል የማሠልጠኛ ግላይደር ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በኩል የሚታየኝን ልጨምርልህ፣ በተለይ ኢንተርኔት ላይ ስለ ግላይደር ኮምፒውተር ስታነብ ግማሹ የተጻፈው ለኛ እንጂ ላንተ አይደለም፣ ያ እንዳያደናግርህ።

ለምሳሌ ቶታል ኢነርጂ የሚባል ነገር ታያለህ፣ ያለሱ ቫሪዮ ዋጋ የለውም ይሉሃል። ለኛ እውነት ነው። እኔ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር እየበረርኩ ዱላውን ስቤ ወደ 90 ብወርድ ፍጥነቱ ወደ ከፍታ ተቀይሮ እስከ 55 ሜትር ያህል እወጣለሁ፣ ተራ ቫሪዮ ያን ጊዜ ይጮሃል፣ እኔም ቴርማል አገኘሁ ብዬ እዞራለሁ፣ ቴርማል ግን የለም፣ እኔው ነኝ የጎተትኩት። ለዚህ ነው ጅራቱ ወይም ጀርባው ላይ የተሰነጠቀች ወይም የተበሳች ቀጭን ቱቦ የሚተከለው፣ ያን የውሸት መውጣት ታጠፋለች። አንተ ግን ከ50 ወደ 36 ብትወርድ የምታገኘው 5 ሜትር እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ አንድ ሳንቲም አትጨምር።

ሌላው ማክሪዲ የሚባለው ነው። ፖል ማክሪዲ አሜሪካዊ ነው፣ በ1949 እ.ኤ.አ. ቫሪዮ ዙሪያ የምትገጠም ተሽከርካሪ ቀለበት አመጣ፣ ቀጣዩ ቴርማል ምን ያህል ያወጣኛል ብለህ ካሰብክ በምን ፍጥነት ልሂድ የሚለውን ትነግርሃለች። በ1956 እ.ኤ.አ. ራሱ የዓለም የግላይደር ሻምፒዮን ሆኗል። ዛሬ ያቺ ቀለበት ኮምፒውተር ውስጥ ገብታለች፣ በጣም የምወዳት ነገር ናት፣ ግን የምትጠቅመው ብዙ ፍጥነት ላለው ነው፣ እኛ ከ80 እስከ 200 መምረጥ እንችላለን። ያንተ ክንፍ ከ36 እስከ 50 ነው። አንተ ከማክሪዲ ይልቅ ነፋሱን ማወቅ ነው የሚጠቅምህ። እስቲ እንቁጠረው፣ ክንፍህ 1 ሜትር ሲወርድ 9 ሜትር ይሄዳል እንበል፣ ፍጥነትህ 38። 500 ሜትር ከፍታ ላይ ሆነህ ነፋስ ከሌለ 4.5 ኪሎ ሜትር ትደርሳለህ። ፊት ለፊትህ 20 ኪሎ ሜትር ነፋስ ካለ ግን መሬት ላይ የምትሄደው በ18 ነው፣ የምትደርሰውም 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል። ይሄ ያለ ጂፒኤስ አይታወቅም፣ ስትዞር የተወሰድክበትን እያየ አፑ ነፋሱን ያሰላልሃል፣ ኤክስሲትራክም ኤክስሲሶር የሚባለው ሌላው አፕም በነፃ ይሠሩታል። ለዚህ 500 ዩሮ አይከፈልም።

ከፍታውን ስለጠየቅከው፣ አዎ ለውጥ አለው፣ ግን መሣሪያው ላይ ሳይሆን አንተ ላይ። አዳማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በ15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፣ ሞቃት ቀን ደሞ ከዛም ይሳሳል። ክንፍህ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፈጠን ማለት አለበት፣ ከ8 በመቶ በላይ። ነፋስ በሌለበት ጂፒኤሱ 41 ወይም 42 ቢያሳይህ ክንፌ ተበላሸ አትበል። ስታርፍም ያው ነው፣ መሬቱ ፈጥኖ ነው የሚመጣው፣ ለመሮጥ ተዘጋጅ።

ደሞ የግፊት አልቲሜትር በሞቃት ቀን አሳንሶ ነው የሚነግርህ። አልቲሜትር የተሠራው አዳማ ከፍታ ላይ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው ብሎ በሚያስብ ሰንጠረዥ ነው፣ በበጋ እኩለ ቀን ግን 28 ነው። ከመነሻህ 1500 ሜትር ወጣህ ሲልህ በእውነቱ 1600 አልፈሃል። ለማረፍ ስታሰላ ይሄ የሚጎዳህ አይደለም፣ የተሻለ ከፍታ ነው ያለህ። የአየር ክልል ጣሪያ ጋር ስትጠጋ ግን የሚቆጠረው የግፊቱ ከፍታ መሆኑን አትርሳ፣ ሌሎቹ አውሮፕላኖች የሚበሩት በሱ ነው።


ጭልፊት 08፦

ይሄ ሁሉ መሣሪያ ለምን? አዳማ ሰማይ ላይ ጭልፊትና አሞራ ሞልቷል፣ ሲዞሩ አይተህ እነሱ ጋ መሄድ ነው። እነሱ ባትሪ የላቸውም።


ሄሉ (ጀርመን)፦

ጭልፊት፣ እውነትህን ነው፣ እኛም ወፍ ካየን ወደዛው ነው የምንሄደው፣ ከየትኛውም ኮምፒውተር በፊት። ግን ወፉ ቴርማሉ የት እንዳለ ይነግርሃል እንጂ አንተ መሃሉ ላይ መሆንህን አይነግርህም። ጆፌ አሞራ ካንተ ጠበብ አድርጎ ይዞራል፣ እሱ እየወጣ አንተ ከሱ 30 ሜትር ርቀህ እየወረድክ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።


አላሙራ ኤሌክትሮ (ሀዋሳ)፦

ልክ ናት። እኛ ጋ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጠዋት መሬት ላይ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ የምታያቸው አባ ኮዳዎች 5 ሰዓት አካባቢ መሬቱ ሲሞቅ ክንፋቸውን ዘርግተው ከከተማው በላይ ይዞራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ደሞ የሐይቁ ነፋስ ሲገባ ዳርቻው ላይ የሚዞር አይታይም። ቀዝቃዛው አየር ከሐይቁ እየመጣ ቴርማሉን ይገድለዋል ማለት ነው። ይሄን የትኛውም ኮምፒውተር አይነግርህም፣ አካባቢውን መልመድ ነው።


ጋሽ ቴክኒሻን (አዳማ)፦

ልጆች፣ ውይይታችሁ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። እኔ የአውሮፕላን መሣሪያ ስጠግን ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ልጄ የኮምፓሱን ጥያቄ ማንም አልመለሰልህም፣ እሱን ልመልስልህ።

ኮምፓስ ያዝ። ባትሪ አይፈልግም፣ አይሞቅም፣ ዝናብ አይገድለውም። ደመና ቢከብህ፣ አይክበብህና፣ ቀጥ ብለህ አንድ አቅጣጫ ይዘህ እንድትወጣ ያደርግሃል። ግን አንድ የምታውቀው ነገር አለ። አውሮፓ ውስጥ የመሬት መግነጢስ መርፌዋን ወደ ሰሜን ብቻ ሳይሆን ወደ መሬትም ይስባታል፣ ስለዚህ እዛ የሚሸጠውን ኮምፓስ ፋብሪካው በደቡብ ጫፉ በኩል ትንሽ ክብደት ጨምሮ ነው የሚያመዛዝነው። እኛ ደሞ የመግነጢሱ ወገብ የሚያልፍበት አገር ላይ ነን፣ መርፌዋ እዚህ ወደ መሬት አትሳብም ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ይሄው ቦታው ነበር፣ መግነጢሱን ለመለካት ከዚህ የተመቸ አገር ጥቂት ነው። እና የአውሮፓውን ርካሽ ኮምፓስ እዚህ ስታመጣው ደቡብ ጫፉ ያዘነብላል፣ አንዳንዱ ክዳኑን ነክቶ ይቆማል፣ አልዞር ይላል። ስለዚህ የትም አገር እንዲሠራ ተብሎ የተሠራውን ጠይቅ፣ ወይ ደሞ ስትገዛ አግድም ይዘህ መርፌዋ በነፃ መዞሯን እይ።

በሌላ በኩል የአውሮፓ አብራሪ በኮምፓስ ሲዞር የሚቸገርበት ስሕተት፣ ወደ ሰሜን ሲዞር ይዘገያል ወደ ደቡብ ሲዞር ይቀድማል የሚባለው፣ ከዛው ወደ መሬት ከመሳብ የሚመጣ ነው። እዚህ አገር እሱ የለብህም ማለት ይቻላል። ኮምፓሱን ከቫሪዮው ስፒከርና ከስልኩ ግን አርቀህ እሰረው፣ ስፒከር ውስጥ ማግኔት አለ። አንድ ክንድ ያህል ቢርቅ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው። ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች አሉ አይደል፣ አዳማ አንድ 34 ተርባይን፣ አዳማ ሁለት 102፣ በጠቅላላው 136 ናቸው። እዛ የተተከሉት ነፋሱ ስለሚበረታ ነው። ከነሱ ነፋስ ጀርባ ያለው አየር የተበጠበጠ ነው፣ እንኳን ጨርቅ ክንፍ ሌላም ያስቸግራል። በቢሾፍቱ በኩል ደሞ የአየር ኃይል አለ። ስለዚህ ካርታህ ላይ እነዚህ መታየት አለባቸው። እንዴት እንደሚገባ ወጣቶቹ ይንገሩህ።

ፈቃድን በተመለከተ የጀመርከውን ጨርስ፣ ወረቀቱ እጅህ ሳይገባ አትነሳ። ዕቃ የሚያመጣልህ ሰው ዎኪቶኪ ወይም በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ይዞ እንዳይመጣ፣ እነሱ የራሳቸው ፈቃድ አላቸው፣ ኤርፖርት ላይ ይያዝበታል። ቀድመህ ጠይቅ።


አላሙራ ኤሌክትሮ (ሀዋሳ)፦

ጋሼ እጅ እነሳለሁ፣ የኮምፓሱን እኔም አላውቅም ነበር። ሱቃችን ውስጥ አንዲት ወደ አንድ በኩል የምታዘነብል ኮምፓስ ነበረች፣ ተበላሽታለች ብዬ ስንት ጊዜ ነው ያስቀመጥኳት።

ካርታውን እኔ ልበል። ኤክስሲትራክም ኤክስሲሶርም ኦፕንኤር የሚባል የጽሑፍ ፋይል ያነባሉ፣ ኖትፓድ ላይ የሚጻፍ ነው። የክበቡን መሃል በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ ራዲየሱን፣ ከስንት ከፍታ እስከ ስንት እንደሆነ ጽፈህ ታስገባለህ፣ ስትጠጋ አፑ ይጮህልሃል። ተርባይኖቹን ከሳተላይት ፎቶ ላይ አንድ በአንድ ማየት ይቻላል፣ የዳር የዳሩን ቦታ ወስደህ ሰፋ አድርገህ ክበባቸው። የቢሾፍቱን ግን በግምት እንዳትሥለው፣ ትክክለኛውን ወሰን ፈቃድ ከሚሰጡህ ሰዎች ጠይቀህ እነሱ የሰጡህን ቁጥር አስገባ። የመሬቱን ከፍታ ደሞ አፑ ያወርደዋል፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በጠፈር መንኮራኩር ከተለካው ዳታ ነው፣ ኢትዮጵያም አለች። ዋይፋይ ባለበት ቤትህ ጫነው፣ ሜዳ ላይ ኔትወርክ አትጠብቅ።


የቦኩ ልጅ (አዳማ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንደዚህ ዓይነት መልስ አልጠበቅኩም። ጋሼ እርስዎ አዳማ ከሆኑ አንድ ቀን ቡና ልጋብዝዎ፣ መሣሪያውንም ያዩልኛል።

በሐሳባችሁ ተስማምቻለሁ፣ ትልቁን ትቼዋለሁ። በራሷ ድምፅ የምታሰማውን ትንሿን ቫሪዮ ነው የማስመጣው፣ ስልኬ ደሞ ካርታና ነፋስ ብቻ ይሥራ። ሄሉ ያልሽው የነፋስ ቁጥር ደነገጥኩ፣ ከ4.5 ወደ 2 ኪሎ ሜትር! እኔ እስካሁን ማረፊያዬን በዓይኔ ብቻ ነበር የምገምተው። አዳማ ደሞ በበጋ ነፋሷን ታውቁታላችሁ፣ ከቀትር በኋላ አቧራው እየዞረ ቀጥ ብሎ የሚወጣበት ከተማ ነው። ስለዚህ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ግድም ተነስቼ ሳይብስ ለመውረድ ነው ሐሳቤ።

ሌላ ያሰብኩት ወንጂ ነው። ከላይ ሲታይ የሸንኮራ ማሳው አረንጓዴና እርጥብ ነው፣ ዙሪያው ያለው የታጨደ እርሻ ደሞ ደረቅ። ቴርማሉ ከደረቁ ላይ ይነሳል ብዬ ነው የማስበው፣ ሸንኮራው ላይ ግን ዝም ብዬ እሰምጣለሁ። ልክ ነኝ?

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለአላሙራ፣ ቫሪዮዋ ስትመጣ ደህና መሆኗን ሳልበር እንዴት ላረጋግጥ?


ሄሉ (ጀርመን)፦

ወንጂ ላይ ያልከው ልክ ነው። እርጥብ ማሳ ፀሐዩን ለውኃው ትነት ነው የሚያውለው፣ መሬቱ አይሞቅም። ድንበሩ ላይ፣ ደረቁና እርጥቡ የሚገናኙበት ጋ፣ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነገር ይነሳል። ግን ሸንኮራ ውስጥ ማረፍ ማለት ከሰው ቁመት በላይ በሆነ አገዳ መሃል መግባት ነው፣ ገመዶችህን ለመፍታት ቀኑ ይመሽብሃል፣ ሰው ሊያይህም አይችልም። ቀድመህ ከሱ ውጭ ማረፊያ ምረጥ፣ ከፍታህ ወደዛ ለመድረስ በደንብ እስኪተርፍ ድረስ ብቻ እዛ ላይ ቆይ።

ደሞ ፍላርም የሚባል የግጭት ማስጠንቀቂያ ታያለህ፣ ስዊዘርላንድ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፣ እዚህ ያለሱ አልበርም። ግን የሚያወራው ሌላ ፍላርም ካለው ጋር ነው። አንተ ጋ ብቻህን ከሆንክ ማንንም አያሳይህም። ዓይንህን ነው ማመን ያለብህ።


አላሙራ ኤሌክትሮ (ሀዋሳ)፦

መሞከሪያው ቀላል ነው። የሚያሳይ ፌስታል ውሰድ፣ ቫሪዮዋን አብርተህ ውስጡ አስገባ፣ አየር ይዞ እንዲነፋ አድርገህ አፉን ጥብቅ አድርገህ ቋጥረው። በመዳፍህ ቀስ ብለህ ስትጫነው ውስጡ ግፊት ይጨምራል፣ ቫሪዮዋ እየወረድክ ነው ብላ የመውረዱን ወፍራም ድምፅ ታሰማለች። እጅህን ቀስ ብለህ ስታነሳ ቲት ቲት ትላለች። በጣም ቀስ እያልክ ሞክረው፣ በስንት ሜትር በሰከንድ መጮህ እንደምትጀምር በዛው ታውቃለህ። ስትጫን ወዲያው ካልመለሰች ወይ ቀዳዳዋ በአቧራ ተደፍኗል ወይ ማለስለሻው (ንባቡ እንዳይዘል የሚያረጋጋው) በጣም ከፍ ተደርጓል፣ ሴቲንግ ውስጥ ቀንሰው።

ሁለተኛ፣ ፀሐይ ላይ አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣት፣ በእጅህ እያጠላህባት እየገለጥክ እያት። እነዚህ ሴንሰሮች ብርሃን ያስታቸዋል። የመጀመሪያዋን የሠራሁ ጊዜ ክዳኗን ከፍቼ የመብራት አምፖል ሥር እያየኋት ሳለሁ ማንም ሳይነካት ከፍታዋ ሲዘል አየሁ፣ ሰዓታት የፕሮግራም ስሕተት ስፈልግ ቆየሁ፣ ለካ መብራቱ ነው። ያኔ ጥቁር ስፖንጅ ቆርጬ ቀዳዳዋ ላይ አደረግኩባት፣ ስፖንጁ ነፋስም ያበርዳል፣ ምክንያቱም ነፋስ ቀጥታ ሲገባባትም ትዋሻለች። ከዛ ጓደኛዬ ጋር ታቦር ተራራን ይዘናት ወጣን፣ በእግራችን ስንወጣ ዝም ብላ ከፍታውን ብቻ ቆጠረች፣ ድንጋይ ላይ ዘለል ስንል ቲት አለች። የፋብሪካዋ ይሄ ችግር ባይኖርባትም አረጋግጥ።

ሦስተኛ፣ ሃርነሱ ላይ አስረህ ክንፉን ሳትዘረጋ ቤት ውስጥ ተቀመጥበት፣ እጆችህ ፍሬኑ ቦታ ላይ ሆነው ድምፁ በሄልሜት ውስጥ ይሰማሃል ወይ? ነፋሱ ሲጨመርበት ደሞ ከዛም ይቀንሳል። ጓደኛዬ ጭኑ ላይ አስሯት አልሰማ ብሎት ወደ ትከሻው ማሰሪያ ቀይሯታል፣ ጆሮው አጠገብ።

ዘመድህ ፓወር ባንክም ቢይዝልህ በእጅ ሻንጣው ነው፣ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። ከ100 ዋት ሰዓት ያልበለጠውን ይግዛ፣ 27 ሺ ሚሊአምፕ ገደማ ማለት ነው።


ጋሽ ቴክኒሻን (አዳማ)፦

ቡናውን ተቀብያለሁ ልጄ። ቫሪዮዋ ስትመጣ ፌስታሉን ይዘህ ና፣ አብረን እንጫነዋለን። ኮምፓሱንም አምጣው፣ እኔ ቤት አንድ ያረጀ የአውሮፕላን ኮምፓስ አለ፣ ከሱ ጋር ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱን ካነሳን በኋላ ሌላውን አስቀምጠን እናስተያያቸዋለን፣ ካልሆነ እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ።